አሥር ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ

ለሰው ቤት ሠራተኛ ጡረታ የሚባል ነገር የለም። ጉልበትሽ ሲያልቅ ሻንጣሽን ትዘጊያለሽ፣ ኻላስ። እኔ ግን ሙስካት ሃያ አራት ዓመት ከሠራሁ በኋላ ጡረታ ወጥቻለሁ ብዬ ራሴ ለራሴ አውጃለሁ፤ ደብዳቤውን የሚጽፍልኝ ባይኖርም። አሁን ዋዲ ከቢር፣ ከጋራዦቹ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ከሁለት የሀገሬ ልጆች ጋር ተዳብዬ በረራዬን እጠብቃለሁ። ማስክ ማውለቅ ከተፈቀደ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው፤ ልጆቹ አንዷ የሌላዋን አፍንጫ እያየች ትስቃለች።

ትናንት ታናሺቱ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ምን ስትሠሪ ኖርሽ አለችኝ። ልጅ አሳድጌ፣ ወጥ ሠርቼ፣ መስኮት ወልውዬ እንድላት ነበር የጠበቀችው። ዘር ስጠብቅ ነበር አልኳት። ሳቀች። ገድዬም አውቃለሁ ስላት ሳቋን አቆመች። እንግዲህ የማወራው ያንን ነው። ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ እኔ ግን እስካሁን ከድንጋጤው አልወጣሁም።

የመጀመሪያ ቤቴ እዚሁ ዋዲ ከቢር ነበር። ጌታው የመኪና ቀለም የሚቀባበት ጋራዥ ነበራቸው፤ ልጆቻቸው አምስት፣ የሁሉም ልብስ ቀለም ቀለም ይሸታል። እዚያ ሦስት ዓመት ስኖር ያተረፍኩት ዐረብኛዬን ነው። "ያላ"ን እና "ማፊ"ን፣ ቶሎ በይንና የለምን፣ ብቻ ይዤ ገብቼ፣ ስወጣ ካስፈለገ ተከራክሬ መርታት እችል ነበር። ሁለተኛው ቤት አሮጌው ሙስካት ነው፣ በግንቡ ውስጥ። አራት ዓመት። መዳሟ ሽታ አይወዱም፣ ሽንኩርት እንኳ መጥበስ ክልክል ነው፤ ሰፈሩ ደግሞ ከቤተ መንግሥቱና ከምሽጎቹ በቀር ሰው የለበትም። ቀኑን ሙሉ የራሴን የጫማ ድምፅ እየሰማሁ እውል ነበር። ከዚያ ያወጣኝን አላህ ዛሬም አመሰግነዋለሁ።

ሦስተኛው አል አንሳብ፣ ማማ ሸምሳ ቤት። እዚያ አሥራ ሰባት ዓመት ቆየሁ። ደመወዜ ወር በገባ በሁለተኛው ቀን እጄ ላይ ነበር፤ ከዚያ በላይ ስለ ፍሉስ የምለው የለኝም።

ማማ ሸምሳ ተራራ ላይ ካለች የመሃል አገር መንደር ናቸው። ባላቸው ሲሞቱ ልጃቸው ሰይፍ ሙስካት አምጥቶ ከራሱ ጋር አኖራቸው። ሌላዋ ሴት ወደ ከተማ ስትመጣ ወርቋን ይዛ ትመጣለች፤ እሳቸው ይዘው የመጡት የመንደራቸውን ዘር ነው። ከወጥ ቤቱ ቀጥላ ያለችውን፣ ሰው ሁሉ የሠራተኛ ክፍል የሚያደርጋትን ክፍል የዘር ቤት አደረጓት። ኤሲ ሌት ተቀን ይነፍስባታል። እኔ የምተኛው በእንግዳ ክፍል ነበር። ይህን ለጎረቤት ሠራተኞች ስነግራቸው ዘሀራ ቅጥፈት ጀመረች ይሉኝ ነበር።

በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ክፍሏን እንድጠርግ አስገቡኝ። ጣሳ በጣሳ ላይ ተደርድሯል። አንዱን ከፍተው በእጃቸው ሲዘግኑ አየሁና ክው አልኩ። ከነገለባው ያለ፣ ሁለት ሁለት ፍሬ የታቀፈ፣ ቀላ ያለ እህል። አጃ ነው! እኛ አገር አራስ የምትጠገንበት፣ አጥንቱ የተሰበረ የሚጠጣው አጃ። እሳቸው አላስ ይሉታል። ወረኢሉ ደጋ ላይ ያደግሁበት እህል ባሕር ተሻግሮ ጣሳ ውስጥ ይጠብቀኛል ብዬ በምን ልጠርጥር? መቼ እንደምንዘራው፣ በሙቀጫ እንዴት እንደምንፈለፍለው፣ ባለኝ ዐረብኛ አስረዳኋቸው። ማማ ሸምሳ መጥረጊያዬን ከእጄ ወስደው ግድግዳው ላይ አስደገፉና ተቀመጪ አሉኝ። ሥራዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሆነ።

ማማ ሸምሳ ፊደል አልቆጠሩም። ጣሳዎቹ ላይ የተጻፈ ነገር የለም፤ በየጣሳው አንገት ክር ታስሯል፣ ዘሩ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ቋጠሮው ይናገራል። ይህ ሽንኩርት ከእገሊት እናት የመጣ ነው፣ ይህ ሽምብራ ከታችኛው መስክ ነው እያሉ በቃላቸው ይወጡታል። ጣሳውን ጆሯቸው ሥር ወዝወዝ ያደርጉታል። ድምፁ ከታፈነ እርጥበት አለው፤ ጥርት ብሎ ከተንኳኳ ደርቋል። ከዚያ አንድ ፍሬ በጥርሳቸው ይሰብራሉ። ቀጭ ካለ ደስ ይላቸዋል፣ ከተጨፈለቀ ፊታቸው ይጠቁራል። ሰባ ዓመት አልፏቸው የፊት ጥርሳቸው ሙሉ ነበር፤ ሥጋ የማይበሉት ጥርሱን ለዘር ሊቆጥቡ ነው እያልኩ አሾፍባቸው ነበር።

በየዓመቱ ከመዝራት በፊት ደግሞ ከየጣሳው አሥር ፍሬ ቆጥረው በእርጥብ ጨርቅ ይጠቀልሉና ከውኃ ማሰሮው ጥግ ያኖሩታል። በአምስተኛው ቀን ይፈታል። ስምንት ከበቀለ ይዘራል፤ ከስድስት ካነሰ የዶሮ ነው። እኔ ጨርቁን ማርጠብ እንኳ እስኪፈቀድልኝ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ውኃ ታበዣለሽ፣ ዘር ይጠጣል እንጂ አይዋኝም ይሉኝ ነበር።

በመስከረም መጨረሻ ዓርብ ዓርብ የመንደራቸው ሴቶች በፒክአፕ ተጭነው ይመጣሉ። ዘር ደጅ ላይ አይሰጥም። ሴቲቱ ገብታ ምንጣፉ ላይ ትቀመጣለች፣ ቴምር ትቀምሳለች፣ የት መስክ እንደምትዘራው ትናገራለች፣ የፈለጁም ተራዋ መቼ እንደሆነ ትጠየቃለች። ፈለጅ ከተራራው የሚወርደው የመስኖ ቦይ ነው፤ ውኃው ለመንደሩ በተራ ይታደላል። ስታጭድ የወሰደችውንና ጭማሪ ትመልሳለች። ለዘር ሹክረን፣ አመሰግናለሁ፣ አይባልም። አንዴ ረስቼው ብል ከንፈሬን በጣታቸው መቱኝ።

ከሁሉም በላይ አንድ ሕግ ነበራቸው። ዘር በሦስት ቤት መኖር አለበት፤ ያውም በሚዘራ ቤት። አንዱ ቤት ይቃጠላል፣ አንዱን ቤት ይርበዋል፣ ሦስተኛው ያስታውሳል ይላሉ። የሳቸውን ክፍል አይቆጥሩትም፣ ጣሳ ቤት አይደለም ባይ ናቸው። አላስን የሚዘሩ ግን እኔ የማውቃቸው ሁለት ቤቶች ብቻ ነበሩ። በኋለኞቹ ዓመታት ሦስተኛው የማን ነው ብዬ ስጠይቃቸው "አለ" ይሉና ጣሳቸውን መወዝወዝ ይቀጥላሉ። እኔም የሆነች የሩቅ ዘመድ ትኖራለች ብዬ ተውኩት።

አንድ ጊዜ ለዕረፍት አገሬ ስሄድ ሰረቅኋቸው። ሌላ ቃል የለውም። ከአላሱ አንድ ጭብጥ ዘግኜ በሻሼ ጫፍ ቋጠርኩና ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩት። ጠይቄ ብወስድ ምን ነበረበት? አፈርኩ። ደግሞ አንድ ጭብጥ እህል ናት፣ ምን አላት አልኩ። አገር ገብቼ ስፈታው ሁለት ጭብጥ ሞልቶ አገኘሁት። እጄ ሰፊ ነው ለካ ብዬ ለእህቴ ለጦይባ ሰጠኋትና ረሳሁት። ይህ ከኮሮናው ስምንት ዓመት በፊት ነው።

ኮሮና ሲመጣ ማማ ሸምሳ ቀድሞም ልባቸው ሰላም አልነበረም። ሁለቱ ቤቶች ባንድ ዓመት ተዘግተው ነበር። የአንደኛው ቤት ሴት ሞታ ልጆቿ አላሱን ለፍየል አበሉት። ሁለተኛዋ ሰልማ፣ የባላቸው እህት፣ ፈለጁ ደክሞ ውኃ ስላጣች ሳትዘራ ቀረች፤ ያላትን ዘር በሙሉ አምጥታ እኛ ጋ አስቀመጠች። ስለዚህ የመንደሩ አላስ እንዳለ አል አንሳብ አንዲት ክፍል ውስጥ አራት ጣሳ ሆኖ ቀረ። መስከረም ሲመጣ እናከፋፍለዋለን እያልኩ አጽናናቸዋለሁ። ከዚያ መንገድ ተዘጋ፣ ሙስካት ተቆለፈች፣ የሚገባም የሚወጣም ጠፋ።

በሰኔ ትኩሳት ያዛቸው። ነጭ በነጭ የለበሱ ሰዎች መጥተው በአምቡላንስ ወሰዷቸው። መከተል የለም፣ መጠየቅ የለም። በሩ ላይ ሲደርሱ ቃሬዛውን በእጃቸው አስቆሙና ወደ ዘር ክፍሏ አይተው "አማና" አሉኝ። አደራ ማለታቸው ነው።

በሦስተኛው ቀን የክፍሏ ኤሲ ቆመ። ጠጋኝ ሰው ቤት መግባት ተከልክሏል። ሰይፍ ቀኑን ሙሉ ከሆስፒታሉ ስልክ ጋር ነው፣ ስለ ኤሲ የሚሰማበት ጆሮ የለውም። ጣሳዎቹን ወደ ራሴ ክፍል ማዛወር ነበረብኝ፤ ይህን ያሰብኩት ግን ጅብ ከሄደ በኋላ ነው። በማግስቱ ስገባ ወለሉ ላይ ነቀዝ አየሁ። ግድግዳው ላይም ይሄዳል።

እናቴ ነቀዝ ስታይ እህሉን አውጥታ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች። ነቀዝ ሙቀት አይችልም፣ እየወጣ ይሄዳል። ወረኢሉ ላይ ይህን የሰባት ዓመት ልጅ ያውቀዋል። እኔ የገበሬ ልጅ፣ ማን ሊያስተምረኝ! አራቱንም ጣሳ ተሸክሜ የሲሚንቶው ጣራ ላይ ወጣሁ፣ ቆርቆሮ አነጠፍኩ፣ አላሱን በስሱ ዘረጋሁት። ሦስት ቀን ሙሉ፣ ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት። የሙስካት ሰኔ ነው እንግዲህ። በሸበጤ ውስጥ እግሬን ይለበልበኛል፤ ቆርቆሮውን ብነካው ጣቴ ውኃ ቋጠረ። ጎሽ፣ ይሄማ ነቀዙን ድራሹን ያጠፋዋል አልኩ። ከዚያ እህሉን እንደ ጋለ ሰብስቤ ጣሳ ውስጥ ከተትኩት፣ ክዳኑን እሳቸው እንደሚያደርጉት በቴምር ዝቃጭ አሸግሁት። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የተባለችው እኔ ነኝ።

ማማ ሸምሳ በሃያ ሁለተኛው ቀን ግማሽ ሰው ሆነው ተመለሱ። በሰይፍ ትከሻ ተደግፈው መጀመሪያ የገቡት መኝታ ቤታቸው ሳይሆን ዘር ክፍላቸው ነው። በኩራት ነገርኳቸው። ነቀዝ ገብቶ እንደነበር፣ ጣራ ላይ እንዳሰጣሁት፣ እንዴት እንዳዳንኩት። ተቀምጠው ከጣሳው ዘገኑ። አንድ ፍሬ ከገለባው አውጥተው አገላበጡ፣ ሌላ ደገሙ፣ ሌላ። የነቀዝ ቀዳዳ የለበትም። አንዱም የለበትም። የአላስ ገለባ ጠንካራ ነው፣ ነቀዝ አይደፍረውም፤ ነቀዙ የወጣው እዚያው ጥግ ከነበረው የሩዝ ጆንያ ነው። ይህን እኮ እኔም አውቅ ነበር። አጃን ነቀዝ አይበላውም ስትል እናቴን ሰምቼ ነው ያደግሁት። ፍርሃት አስረሳኝ።

ከዚያ አሥር ፍሬ ቆጠሩ። ጨርቁን አረጠብኩላቸው።

በአምስተኛው ቀን ሲፈታ አሥሩም እንደገቡ ናቸው። አንድ ነጭ ጫፍ የለም። ሌላ ጣሳ፣ ሌላ አሥር፣ ሌላ አምስት ቀን። ምንም። አራቱንም ጣሳ ሞከርነው፤ አርባ ፍሬ፣ አርባውም ሬሳ። ወለሉ ላይ ዝርግፍ አልኩ። ሰዎች በርሃባቸው ዘመን ሳይበሉት ያቆዩትን፣ እናት ለልጇ ያስረከበችውን፣ እኔ ጣራ ላይ ወጥቼ በሦስት ቀን ቆላሁት። ወላሂ፣ ቤቱን ባቃጥለው እንዲያ አልደነግጥም ነበር። ሰይፍ በሩ ላይ ቆሞ አንዴ እኔን አንዴ እናቱን ያያል። ይጮሃሉ፣ ያባርሩኛል ብሎ እየጠበቀ ነው። እኔም እየጠበቅኩ ነበር።

ማማ ሸምሳ ጨርቁን አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

"ሦስተኛው ቤትስ?" አሉኝ።

ሕመሙ አእምሯቸውን ነክቶት ይሆን ብዬ ፈራሁ። ያቺኛዋ ሞታለች፣ ሰልማም ዘሯን እዚሁ ነው ያስቀመጠችው ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ።

"እነሱን አልጠየቅኩሽም። ያንቺን ቤት ነው። አገርሽ የወሰድሽው የት ደረሰ?"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

"ሻሽሽን ስትቋጥሪ አይቼሻለሁ" አሉ። "አንድ ጭብጥ ለመስክ አይበቃም። ዞር ስትዪልኝ አንድ ጨመርኩበት።"

እኔ ሌባ ነኝ ብዬ ስምንት ዓመት የደበቅሁትን እሳቸው ሦስተኛ ቤት ብለው ቆጥረውት ኖረዋል። "አለ" ሲሉኝ እኔን ማለታቸው ነበር። ሰው ባጠፋው ይደነግጣል፤ እኔ ያን ቀን በታመንኩት ነው ይበልጥ የደነገጥኩት። ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

ለጦይባ ደወልኩ። መጀመሪያ የቱ አጃ አለችኝ። ስታስታውስ ሳቀች። ሁለት ዓመት ዘርታው ነበር፤ ትልቋ ልጇ ስትወልድ ለአራስ ገንፎ አለቀ። እንዴት ያለ ገንፎ መሰለሽ ብላ ጣዕሙን ልታወራልኝ ጀመረች። ለማማ ሸምሳ ኔትወርክ እምቢ አለኝ ብዬ ዋሸሁ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን። እሳቸው አልጋቸው ላይ ሆነው በዓይናቸው ይጠይቁኛል፤ እኔ ድስት ላጥብ ብዬ እሸሻለሁ። ያጠብኩትን ድስት ደግሜ ሳጥብ ሰይፍ አይቶኛል።

በሦስተኛው ቀን ጦይባ ራሷ ደወለች። እኛ አገር ለአራስ የተበደርሽው አጃ በብር አይከፈልም፣ በሌላ እህልም አይተካም። ከዚያው ዘር ዘርተሽ ከዚያው ትመልሻለሽ፤ አለዚያ ለተወለደው ልጅ አይበጅም ይባላል። ለካ ጦይባ ገንፎውን ከማገንፋቷ በፊት፣ ለወንዝ ማዶ ጎረቤታችን ለከድጃ፣ ምራቷ ስትወልድ፣ አንድ ቁና አበድራት ኖሯል። ከድጃ ለመመለስ ብላ ለብቻው ዘራችው፤ ብድሯንም መለሰች፣ ጦይባ እሱንም ገንፎው ውስጥ ጨመረችው። አዝመራው ስላማረላት ግን በየዓመቱ መዝራቷን አልተወችም። አሁንም ማሳ ላይ ነው፣ በቅሏል አለችኝ። የዘሀራ አጃ ነው የሚሉት አለችኝ። እኔ የማላውቀው ማሳ በስሜ ሲጠራ ኖሯል።

ለማማ ሸምሳ ሮጬ ነገርኳቸው፤ መዋሸቴንም ጨምሬ። ስንት ቤት ነው ያለው ብለው ጠየቁኝ። አንድ አልኳቸው። አንድ ቤት ቤት አይደለም፣ ታካፍል ብለሽ ንገሪያት አሉኝ። ነገርኳት። ከድጃም እሺ፣ ለከርሞ ኢንሻአላህ አለች።

በታኅሣሥ ታጨደ። ሰይፍ የዘር ማስገቢያ ፈቃድ ሊያወጣ ከቢሮ ቢሮ ተንከራተተ፤ ጦይባም እዚያ እንዲሁ። ወረቀቱ ከእህሉ ይከብድ ነበር። ከዕረፍት የምትመለስ ልጅ አንድ ኪሎ ተኩል ይዛልን መጣች። አሥር ፍሬ፣ አምስት ቀን፣ ስምንት በቀለ። ማማ ሸምሳ አልሳቁም፤ ጨርቁን ከነርጥበቱ ደረታቸው ላይ ለጠፉት። የዚያ ዓመት መዝሪያ አልፎ ስለነበር ክረምት በጋውን ኤሲው አጠገብ ጠበቅነው፣ እኔ እንኳን ጣራ ላይ ልወጣ ደረጃውንም አላየሁት። በኅዳር መንደሩ ወጣን። ፈለጁ ውኃው ተመልሶለት ነበር። ለሦስት ቤት አካፈሉት፤ በሰልማ መስክ የመጀመሪያውን ጭብጥ እኔን አስዘሩኝ።

እኛ እዚህ ስንዘራ በዚያው ወር ጦርነቱ በአገሬ ደጃፍ ያልፍ ነበር። ስልክ ጠፋ። ሁለት ወር ሙሉ የጦይባን ድምፅ አልሰማሁም። ስትገኝ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ሁሉም በሕይወት አሉ። ሸሽተው ሲመለሱ ግን ቤቱም ጎተራውም ተራግፎ ጠብቋቸዋል። የከድጃስ አልኳት። የከድጃም ባዶ ነው፣ አንድ ፍሬ አልተረፈም። ለሌላ ቤት ሳታካፍል ነው ይህ የደረሰባት። እንደገና ክው አልኩ። ሰው ስንቴ ይደነግጣል?

በመጋቢት የሰልማ መስክ ታጨደ። እኔም ጉልበቴ እምቢ ስላለኝ ልሄድ ነው አልኳቸው። ማማ ሸምሳ አልተከራከሩኝም። ዘሩንም ደጅ ላይ አልሰጡኝም። እንደ መንደራቸው ሴት ምንጣፉ ላይ አስቀመጡኝ፣ ቴምር አቀረቡልኝ፣ የት ነው የምትዘሪው ብለው ጠየቁኝ። የጦይባን ማሳ፣ የከድጃን ማሳ፣ የአጎቴን ልጅ ማሳ ነገርኳቸው። በጣታቸው ቆጥረው ሦስት መሙላቱን ሲያዩ ሻሼን ተቀበሉና ራሳቸው ቋጠሩት። ወረቀቱን ሰይፍ ጨርሶልኛል። ሹክረን ልል አፌን ከፍቼ ጣታቸውን ሳይ ዘጋሁት።

ዋዲ ከቢር ስገባ አላስቻለኝም። ሚኒባሱ ውስጥ ሙቀት መትቶት ቢሆንስ? እጄን አላምነውም። አሥር ፍሬ ቆጠርኩ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለልኩ፣ ማሰሮ ስለሌለን ከውኃ ጄሪካኑ ጥግ አኖርኩት። ዛሬ ጠዋት አምስተኛው ቀን ነበር። ልጆቹ አናቴ ላይ ቆመው ፈታሁት። ዘጠኝ ነጭ ጫፍ። አንዷ ፍሬ ዝም ብላለች። ለማማ ሸምሳ ደወልኩላቸውና ዘጠኙ በቅሏል፣ አንዷን ግን ሳልገድላት አልቀረሁም አልኳቸው።

"አትጣያት" አሉኝ። "እሷ እንዳንቺ ናት፣ ትዘገያለች።"

ጨርቁን እንደገና አርጥቤ ጠቀለልኩትና የእጅ ቦርሳዬ ውስጥ አኖርኩት። አውሮፕላኔ ሐሙስ ነው።